ከበረሃ የመጣ ደወል

ሪሃብ ሙሐመድሸሪፍ በስልሳ ሦስት ዓመቷ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች ብሎ ያሰበ ሰው ሞጣ ውስጥ አልነበረም። ጉልበቷን ያማታል። ከቤቷ እስከ ጨርቅ ሱቋ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳን በባጃጅ ነው የምትሄዳት። ልጇ ሙጀሂድ "እማ፣ ምን ነካሽ? ሰው ሲያረጅ መስጊድ ይመላለሳል እንጂ ገደል ይወርዳል?" ብሎ ሊያስቀራት ለምኗት ነበር። እሷ ግን አንዴ ልቧ ከተነሣ ተነሣ ነው። በማግስቱ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ ብቸና ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቸና ውስጥ፣ ሪሃብ ተወልዳ ካደገችበት ቤት አጥር ማዶ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ደወሏ ብረት አልነበረም፤ ድንጋይ ነበር። ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ድንጋይ፣ በጠፍር ታስሮ ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ። ድምፁን ብቻ የሰማ ሰው ድንጋይ ነው ቢሉት አያምንም። ያ ደወል ጠፍሩ በስብሶ ወደቀና ለሁለት ተሰበረ። እንግዲህ ደወል ይሰበራል፣ ሌላ ይሰቀላል። የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ለትንሣኤ የሚደርስ የነሐስ ደወል ከአዲስ አበባ አዘዙ፤ እስከዚያው ደግሞ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ሰቀሉ። ከአንድ ሰው በቀር ማንም ቅር አላለውም።

እኚያ አንድ ሰው የሪሃብ አብሮ አደግ የባንቺዓለም አባት፣ የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን አሁን ደግሞ ሐሳባቸውም ይሄዳል፣ ይመጣል። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። በዚህ ጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ የኔታም የመውጫውን ደወል ሳይሰሙ እህል ቀምሰው አያውቁም። ደወሉ ግን የለም። ቸርኬው ሲመታ "ይኼ ደግሞ የማን ቀጥቃጭ ነው?" ይላሉ። ባንቺዓለም ጉርሻ ይዛ ስትቀርብ ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ። "ገና ነው ልጄ፤ ቅዳሴ አልወጣም።" ካህናቱ መጥተው ከጾሙ ፈቷቸው፤ እሺ አላሉም። አንዱ ጎረቤት በስልኩ የደወል ድምፅ ቢያሰማቸው "ይኼ የገበያ ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እንዲህ እያሉ፣ ከጸበል በቀር ምንም ሳይቀምሱ ሰባት ቀን ሆናቸው።

ባንቺዓለም ደውላ ስታለቅስ ሪሃብ ሰው የሞተ መስሏት ነበር።

"ሪሃብዬ፣ አባዬ በረሃብ ሊሞቱብኝ ነው። ሞሰብ ሙሉ እንጀራ ባለበት ቤት!"

"ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ ብቻ።"

"የድሮው ድንጋይ ከየት እንደመጣ የምታውቂ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

እውነቷን ነው። ያን ድንጋይ ከበረሃ ያመጡት የሪሃብ አባት፣ ሐጂ ሙሐመድሸሪፍ ናቸው። ሐጂ በአህያ በረሃ እየወረዱ ጥጥና ማር የሚነግዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ለጎረቤታቸው ለየኔታ "ከፏፏቴ አጠገብ ግንድ የሚመስል፣ ሲመቱት የሚጮኽ ድንጋይ አለ፤ ለደወል ይሆንሃል" አሏቸው። ሁለቱ ተያይዘው ወረዱ። ሪሃብ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ አራስ ስለነበሩ የሚይዛት ጠፍቶ፣ አህያ ላይ ተጭና አብራ ሄደች። ሐጂ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። የኔታ መንገዱን ቢጠየቁ ስለ ሌላ ዘመን ያወራሉ። እንግዲህ የሰውዬው ነፍስ የተንጠለጠለችው በአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ትዝታ ላይ ነው ማለት ነው። ሪሃብ ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሴቶች በመኪና የበረሃው አፋፍ ላይ ያለችው የጁቤ ደረሱ። የባንቺዓለም የአክስት ልጅ ስጦታው አህያውን ይዞ አፋፉ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀልድ የማይጠፋው ገበሬ ነው።

"እትዬ ሪሃብ፣ እኔ እዚሁ አፋፍ ላይ ተወልጄ የድንጋይ ዛፍ ሲባል ሰምቼ አላውቅም" አላት። "ፏፏቴ ከሆነ ግን ሞልቷል። የትኛው ነው?"

"ሳየው አውቀዋለሁ።"

"እሱማ ማን ሳያየው ያውቃል!"

ባንቺዓለም ሳቀች፤ ሪሃብም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን አልሳቀም።

መውረድ ጀመሩ። አፋፉ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነበር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ባንቺዓለም ነጠላዋን አውልቃ ራሷ ላይ ጠመጠመች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ድንጋዩ ራሱ ይተነፍስ ጀመር። ደጋ ቀርቶ ቆላው መጣ፤ ግራሩ ቅጠሉን አራግፎ እሾሁን ብቻ ይዞ ቆሟል፤ ከማዶ ገደሉ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ድርብርብ ሆኖ ይታያል። ዝንጀሮዎች ከቋጥኝ ላይ ሆነው ሁለቱን አሮጊቶች እያዩ ተንጫጩ። ሪሃብ ለጉልበቷ በትር ይዛለች። በየርምጃው "ያ አላህ" ትላለች፤ ባንቺዓለም ከኋላዋ "እመቤቴን" ትላለች።

"ውሃ ጠጪ እንጂ" አለቻት ሪሃብ ጀሪካኑን እየዘረጋች።

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?"

"በዚህ ሐሩር?"

"አንቺ ረመዷንሽን ጨረስሽ፣ ኢድሽን በላሽ፤ ምን አለብሽ! አባዬ ዘጠኝ ቀን ጾመው እኔ ግማሽ ቀን ያቅተኛል?"

ሪሃብ ጀሪካኑን መልሳ አህያው ላይ አሰረችው። ይህች ሴት ገና በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች፤ ግንባሯ የአባቷ ነው።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ላይ ሲደርሱ ስጦታው ቆሞ ሪሃብን አያት። ሪሃብ ግራውንም ቀኙንም አየች። አንዱም አይታወቃትም። ትልቅ ሾላ እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ሾላ የሚባል ነገር ግን የለም። ዝም ብላ እንዳትቆም ደግሞ ሁለቱም በተስፋ ያዩዋታል። "በቀኝ ነው" አለች።

በቀኝ አልነበረም። ቁልቁል አንድ ሰዓት ሙሉ ወርደው የደረሱት ደረቅ ጉድጓድ ላይ ነው፤ ውሃው ክረምት ብቻ የሚወርድበት፣ አሁን የፍየል በጠጥ የሞላበት።

"በሉ እንግዲህ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አለ ስጦታው አህያውን እያዞረ። ለቀልድ ነው ያለው። ሪሃብ ግን ተዋረደች። ተመልሰው ሽቅብ ሲወጡ እንባዋ ከላቧ ጋር ይወርድ ነበር። ስለ ጉልበቷ አይደለም። የኔታ በዚህች ሰዓት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው "ገና ነው" እያሉ ይሆናል። ዛሬ ባዶ እጇን ብትመለስ ነገ ለባንቺዓለም ምን ብላ ፊቷን ታሳያታለች? ምነው አባቴን ጠይቄ በያዝኩት አለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን አባቷን የፈለገችበት ቀን አልነበረም።

መገንጠያውን አልፈው በግራው ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ ባንቺዓለም ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። ሪሃብ ልትጠራት ዞር አለች። እንደዞረችም አፏ ተከፍቶ ቀረ።

ከባንቺዓለም ጀርባ፣ ሽቅብ፣ ተጣልተው ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ሴቶች የሚመስሉ ቋጥኞች ቆመዋል። ታውቃቸዋለች! ስማቸውን ሳይቀር አውጥታላቸው ነበር።

"ወላሂ እዚህ ነበርኩ!" ብላ ጮኸች። "ስጦታው! ፊቴን አዙሬ ነበር!"

"ምን አሉኝ እትዬ?"

ያን ቀን ሪሃብ አህያው ላይ የተቀመጠችው ፊቷን ወደ ጭራው አዙራ ነው። የኔታ ከኋላ በእግራቸው እየመጡ ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ተረት ያወሩላት ስለነበር፣ ተረቱ እንዳያመልጣት ወደ እሳቸው ዞራ ተቀመጠች። አባቷ "ልጄ ሆይ፣ አህያ እንዲህ አይጋለብም" ቢሏትም አልሰማችም። ስለዚህ ይህን በረሃ ወደ ፊት አይታው አታውቅም። የምታውቀው ወደ ኋላ ሲሸሽ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀላል ሆነ። በግራው ቀጠሉ። ሪሃብ ሃያ ርምጃ ትሄድና ዞር ትላለች፤ "አዎ፣ ይቺ ጉብታ ነበረች" ትላለች፤ ደግሞ ሃያ ርምጃ ትሄድና ዞር ትላለች።

"እትዬ፣ ከእናቷ ቤት የወጣች ሙሽራ መሰሉ እኮ" አለ ስጦታው።

"ዝም በል፤ ልታስረሳኝ ነው!"

እያንዳንዱ መዞር ደግሞ ከድንጋዩና ከቁጥቋጦው ጋር ሌላ ነገር ይሰጣት ጀመር። የአባቷ የጎማ ጫማ ድምፅ። የኔታ ሲስቁ የሚያስነጥሳቸው። ሁለቱ ሰዎች ሲከራከሩ። የድንጋዩ ዛፍ ከየት መጣ በሚለው ነበር የተጣሉት። አባቷ "ኑሕ ለመርከቡ ጠርቦ የተረፈው ነው" ይላሉ፤ የኔታ "ኖኅ እንጨት አስተርፎ የሚሄድ ሰው አልነበረም" ይላሉ። እስከ ማታ አልተስማሙም፤ እስከ ማታም አልተለያዩም። ሪሃብ ይህን ስታስታውስ ብቻዋን ሳቀች። እንደዚያ ያለ ጠብ ዛሬ የት ይገኛል?

ስድስት ሰዓት ሲሆን የውሃ ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ነፋሱ ቀዘቀዘ። አንድ የገደል ጥግ ዞረው ሲወጡ ፏፏቴው ፊት ለፊታቸው ቆመ። በጋ ነውና ቀጥኗል፤ ከገደሉ ራስ ላይ እንደ ነጭ መቀነት ተለቆ ታች ያለውን አረንጓዴ ኩሬ ይመታል። በዚያ ሁሉ ደረቅ አገር መካከል ዙሪያው ብቻ ሣር አለው። ባንቺዓለም ጫማዋን አውልቃ እግሯን ኩሬው ውስጥ ከተተች። ሪሃብ በሁለት እጇ ውሃ ዘግና ጓደኛዋ ራስ ላይ አፈሰሰችባት። "ይኼ ጾም አይገድፍም" አለቻት። ባንቺዓለም ዓይኗን ጨፍና "ድገሚኝ" አለች። ስጦታው በበኩሉ በሶውን በጥብጦ "እኔ ገና ሽቅብ ድንጋይ አለብኝ፤ ኃጢአቱን ለብቻዬ እችለዋለሁ" ብሎ ግጥም አድርጎ ጠጣ።

ዛፉ ከኩሬው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ተጋድሟል። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ ነው። ቅርፊቱ አለ፣ አንጓው አለ፣ ምስጥ የበላው የሚመስል ቀዳዳው ሳይቀር አለ፤ እጅ ሲነካው ግን ድንጋይ ነው። ከጫፉ እየተሰነጠቀ የወደቀው ደግሞ እንደ ተፈለጠ ጣውላ በየቦታው ተበትኗል።

"በስመ አብ!" አለች ባንቺዓለም እየዳሰሰችው። "እንጨት ነው እኮ! ማገዶ አድርጊው አድርጊው ያሰኛል!"

ስጦታው ግንዱን እያየ ራሱን ነቀነቀ። "አርባ ዓመት አጠገቡ ኖሬ!"

ሪሃብ ጊዜ አላጠፋችም። ጠፍጣፋ የሆነውን አንዱን መርጣ በትንሽ ድንጋይ መታችው። ጧ! አለ፤ ሞተ። ሌላውን መታች። ጧ። ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ አሥረኛውን። ሁሉም ድምፃቸው የበር ማንኳኳት ነው። ባንቺዓለም ከኩሬው ተነሥታ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቦታው ይኼ አይደለም ይሆን?"

"ነው።"

"ታዲያ ለምን አይጮኽም?"

ሪሃብ አላወቀችም። ተስፋ ቆርጣ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ልማዷ ሆኖ ዞር አለች፤ ኩሬውን ከላይ አየችው። አባቷ እዚያ ሣር ላይ ነበሩ። ጥምጥማቸው ተፈቶ ራሳቸው ራቁቱን ነበር፤ የአባቷን ራሰ በራ ያየችው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ስቃ ነበር። ጥምጥሙ የት ሄደ? ድንጋዩ ላይ ታስሮ! ድንጋዩ ከዱላ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዱላውን ደግሞ ሁለቱ ሰዎች በትከሻቸው ይዘውት!

"እኛ እኮ ጅሎች ነን" አለች እየተነሣች። "መሬት ላይ የተኛ ደወል መቼ ጮኾ ያውቃል? ባንቺ፣ መቀነትሽን ፍቺ!"

መቀነቷን ፈታች። ስጦታው ዱላውን አቀረበ። ከውሃው ድምፅ ራቅ ብለው ከቋጥኙ ጀርባ ቆሙና አንዱን ድንጋይ በመቀነቱ አንጠለጠሉት፤ የዱላውን አንድ ጫፍ ስጦታው፣ አንዱን ባንቺዓለም ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሪሃብ መታች።

ድንጋዩ ዘመረ። ሌላ ቃል የለውም። ጥርት ያለ፣ ረጅም ድምፅ ወጥቶ ገደሉን ዞሮ ተመለሰ። ባንቺዓለም ዱላውን እንደተሸከመች እልል አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አገኘነው! አባዬ ሊበሉልኝ ነው!"

"አይደለም" አለች ሪሃብ።

"ምኑ?"

"ይኼ ያምራል። የኛው እንዲህ አያምርም ነበር። መጨረሻው ላይ ጉሮሮው ይታፈን ነበር፣ ሊናገር ብሎ እንደ ተወ ሰው።"

ስጦታው ፀሐዩን አየ። "እትዬ፣ ሽቅቡ አራት ሰዓት ነው። ደወል ደወል ነው እኮ።"

"ሰው እየሞተ ድምፅ ታማርጫለሽ?" ባንቺዓለም ተቆጣች፤ በዕድሜዋ ሪሃብን እንዲህ ተቆጥታት አታውቅም። "አባትሽ ቢሆኑ እንዲህ ታደርጊ ነበር?"

ይህ ነገር ሪሃብን ወጋት። ቢሆንም አልተመለሰችም። "አባቴ ቢሆኑማ በተሳሳተ ድንጋይ አልመለስም ነበር። የስልኩን ደወል ለይተው ያወቁ ሰው ይኼን ያልፉታል? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። ነገ መልሰን ልንወርድ አንችልም ባንቺ፤ እኔም አንቺም አንችልም።"

ባንቺዓለም ዱላውን እንደገና ተሸከመች። ሁለተኛው አልሆነም። ሦስተኛው ከፋ። አራተኛው መቀነቱ ሸርተት ብሎበት የስጦታውን እግር ሊጨፈልቅ ነበር። አምስተኛው መልኩ አስቀያሚ፣ ጠርዙ የተሸረፈ ነበር፤ ስጦታው ራሱ "ይኼንንማ ይተዉት" ብሎ ነበር። ሪሃብ ዓይኗን ጨፍና መታችው።

ድምፁ ወጣ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ላይ ታፈነ።

ሪሃብ በረሃው ውስጥ አልነበረችም። ብቸና፣ በእናቷ ብርድ ልብስ ሥር ነበረች። ከአጥሩ ማዶ ደወሉ ይመታል፤ ከአጥሩ ወዲህ አባቷ በጀበና ውሃ ለውዱእ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሁለቱ ድምፆች ሁልጊዜ አብረው ነበሩ። ለሷ ንጋት ማለት እነዚያ ሁለቱ ነበሩ፤ አንዱ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት፣ አንዱ ከጠፋ አሥር ቀን ሆነው እንጂ። ዓይኗን ስትገልጥ ባንቺዓለም ዱላውን ጥላ አቅፋታለች። እሷም ሰምታው ነበር። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ለየራሳቸው አባት አለቀሱ፤ ስጦታውም ድንጋዩን ብቻውን ይዞ "ኧረ ከበደኝ!" እስኪል ድረስ አልተላቀቁም።

ድንጋዩን በአህያው በአንድ ጎን ጫኑት፤ በሌላው ጎን ሚዛን እንዲሆን ጀሪካኖቹን ከፏፏቴው ሞልተው አሰሩ። የሽቅቡን ነገር ባላወራው ይሻላል። ሪሃብ ሁለት ጊዜ "እዚሁ ቅበሩኝ" ብላ ተቀምጣ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ባንቺዓለም ግማሽ ጀሪካን ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣች፤ ሚዛኑ ተዛብቶ አህያው ሊገለበጥ ሲል ስጦታው እስኪበቃው ሰደባት። ላያስችል አይሰጥም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፋፉ ላይ ወጡ።

በማግስቱ ዲያቆናቱ ድንጋዩን በአዲስ ጠፍር ወይራው ላይ ሰቀሉት። ሪሃብና ባንቺዓለም ከየኔታ አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠበቁ። ሽማግሌው ከትራሱ ጋር አንድ ሆነዋል፤ መተንፈሳቸውን ለማወቅ ደረታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ባንቺዓለም ጭኗ ላይ ትሪ ይዛለች፤ ለስላሳ ሽሮ የራሰ እንጀራ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ደወሉ መታ።

የኔታ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ። የጠፋው ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ድምፁ ሄዶ እስኪታፈን ድረስ አልተነፈሱም።

"ወጣ" አሉ። "ቅዳሴ ወጣ።"

"ወጣ አባዬ!" ባንቺዓለም ፈጥና ጠቀለለች። ጉርሻው ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ ግን የኔታ እጃቸውን አነሡ።

"ቆይ። ሙሐመድሸሪፍ በላ?"

ባንቺዓለም ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰች።

"ከበረሃ ድንጋዩን ተሸክሞ የመጣ እሱ ነው። የደከመው ሳይበላ እኔ እበላለሁ እንዴ? መጀመሪያ ለሱ ስጡት።" ከንፈራቸው ግጥም አለ።

ባንቺዓለም ሪሃብን አየቻት። የተጠየቁት የሌላ ሰው አባት ናቸውና እሷ ልትመልስ አትችልም። ሪሃብ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ አጥንት ብቻ የቀረውን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"በልተዋል የኔታ" አለች። "መጀመሪያ የበሉት እሳቸው ናቸው። ጠግበው ጋደም ብለዋል።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ደክሞት ነው" አሉ። "ይተኛ፤ አትቀስቅሱት።"

አፋቸውንም ከፈቱ።